ክብር ለበርሊንግ ቤተሰብ

ቸርችል ጎዳና ላይ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ መኪናውን የሚያቆም፣ ትራፊክ ሲጠጋው መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ «ማን መሆኔን ታውቃለህ?» የሚል ሰው ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ በር ላይ «እኔን ነው የምትፈትሸው?» ብላ ዘበኛውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ የምትገላምጥ እመቤትም እንዲሁ ታኮራኛለች። ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንዳለ ዘበኛው አላየም፤ የእሱን የስንት ዓመት ደመወዝ እንደሚያወጣ ግን ገብቶታል።

በዚህ ጥበብ እንግሊዞች ቀድመውናል። ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ በሶቪየት ኅብረት የታየ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» የሚባል ቴአትር አለ። ታሪኩ በ1912 ነው፤ ባለፋብሪካው አቶ በርሊንግ የልጃቸውን ቀለበት ምክንያት አድርገው ራት ላይ ሳሉ መርማሪ ከች ይላል። የቀድሞ ሠራተኛቸው የነበረች ልጅ ራሷን አጥፍታለች። እሳቸው ምን አሉ? የቀድሞ ከንቲባ መሆናቸውንና ከፖሊስ አዛዡ ጋር ጎልፍ እንደሚጫወቱ አስታወቁ። ጨዋ ሰው! እዚህ ቢሆን «ቆይ አለቃህ ጋ ልደውል» ነበር።

ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ሆና የሳምንት ደመወዟ ከ22 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 25 ሽልንግ ከፍ እንዲል ጠይቃ ነበር። አባረሯት። ደግ አደረጉ፤ ዛሬ ሁለት ሽልንግ ተኩል ያለች ነገ ደግሞ ወንበር ልትጠይቅ ነው።

በአንድ ነገር ግን እንበልጣቸዋለን። አቶ በርሊንግ ሠራተኛን ሠራተኛ ብለው ነው ያባረሩት፤ እኛ «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» እንላለን። እሑድ ቀን ፒያሳ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ግቡና እዩ። ቤተሰቡ ክትፎውን ከቦ ይጎራረሳል፤ እንደ ልጅ የምትታየዋ ልጅ ሕፃኑን ታቅፋ ከጠረጴዛው ጥግ ትቀመጣለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ይዛው ወደ ደጅ ትወጣለች። በመጨረሻ የተረፈው በፌስታል ይቋጠርላታል፤ ከዚህ በላይ ፍቅር ከየት ይምጣ? ደመወዝ ጨምሩልኝ ካለች «አፍ አወጣች፣ የጎረቤት ሠራተኞች ናቸው ያበላሿት» ተብሎ ለደላላ ይደወላል። ሕጉም ቢሆን ጨዋ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አልፏት፣ ጉዳይዋን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በሰው ጓዳ መግባት ነውር መሆኑን የሚያውቅ አዋጅ!

ወይዘሮ በርሊንግን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። በሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ተሰሚ ናቸው። ያችው ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና እርዳታ ፍለጋ ስትመጣ የእሳቸውን ስም ስሜ ነው በማለቷ ተቆጥተው አስከለከሏት። እንረዳለን አልን እንጂ ስማችንን ተካፈሉን መቼ አልን? እኛም በሆቴል አዳራሽ የእርዳታ ራት ስንበላ ችግረኛውን በስክሪን ብቻ የምናየው፣ ሾርባ ያዘገየውን አስተናጋጅ ግን ፊት ለፊት የምናዋርደው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ለዚህ ቤተሰብ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ሐውልት ይቁምለት። ቀራፂው ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ ትንሽ ጠጋ ይበል፤ እምቢ ካለ የቦታው ካርታ እንዳለው ይጠየቅ።

ቅሬታዬ በልጆቹ ላይ ብቻ ነው። ወላጆቹ መርማሪው የእውነት ፖሊስ እንዳልሆነ ሲረዱ እፎይ ብለው ወደ መጠጣቸው ተመለሱ፤ ሴቷና ወንዱ ልጅ ግን ጥፋታችን ጥፋት ነው ብለው ድርቅ አሉ። የአስተዳደግ ጉድለት ነው። እኛ ዘንድ ቢያድጉ ኖሮ ክፍያው በዶላር የሚታሰብ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ጠዋት ማታ የሚያመላልሳቸውን ሾፌር ስም ሳያውቁ ይመረቁ ነበር።