ቀለሙ አዲስ፣ ላሜራው ብስባሽ

ጅማ ላይ ያገለገለ መኪና ሊሸጥ ሲል የሚሄደው መካኒክ ጋ ሳይሆን ቀለም ቀቢ ጋ ነው! የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ መበየድ ሲገባው ስቱኮ (ቀዳዳና ስርጉዳት የሚሞላ ሊጥ መሰል ማጣበቂያ) ይለጠፍበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ቀለም ይነፋበታል፣ አለቀ። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ አይምርም። ከሥር ያለው ዝገት ቀለሙን እንደ ቡግንጅ ያሳብጠዋል፣ በተለይ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ። ደላላው ግን «ኦርጅናል ቀለም ነው» ብሎ ይምላል። ኦርጅናል ከሆነ የበሩ ጎማ ላይ የቀለም ብናኝ ምን ይሠራል? የኮፈኑ ብሎን ጭንቅላትስ ለምን ተላጠ? ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በሩንና ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) መሞከር ነው፤ ብረት ሆኖ አልይዝ ካለ ስቱኮው ወፍራም ነው። እርጥብ መኪናማ ጭራሽ ለግዢ መታየት የለበትም፤ ውሃ ጭረቱንም የቀለም ልዩነቱንም ይደብቃል። ደላሎቹ ግን ሁሌ ከእጥበት በቀጥታ ነው የሚያመጡት፣ ያውም ሊመሽ ሲል!