ደንገጎ ከኮሎራዶ በምን ታንሳለች?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ የገነነውን ልማድ ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ቤተሰብን በሙሉ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ደንገጎ መውጣት፣ ጋራው ላይ ተደርድሮ እንደ ፈረንጅ ፎቶ መነሳት። ይበል የሚያሰኝ ነው። እስከ ዛሬ ደንገጎን የምናውቃት በኩርባዋ፣ ወደ ሐረር ስንወጣ ልጅ በሚያስመልሰው መጠማዘዣዋ ነበር። አሁን ልጁ እዚያው ይወርድና አፉ ተጠርጎ፣ ኮፍያ ተደርጎለት ሞዴል ይሆናል። አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን እድገት አለ?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰርግ እንኳ እንዲህ አይታቀድም። መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ከዚያ የፈረንጅ ቤተሰቦች ፎቶ ይጎርፍበታል፤ ከኋላ አናቱ ላይ በረዶ የተከመረበት ተራራ፣ ከፊት አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ውሻ። ውሻው ትንሽ ያከራክራል። አንዱ ቤተሰብ ውሻውስ ይቅርብን፣ ለዓረፋ የተገዛውን በግ ይዘን እንውጣ ብሎ ነበር አሉ። ቀለሙ ይስማማል፣ ክሬም ነው።

ምክንያቱም የቀለም ጉዳይ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልበስ የድሮ ነው። አሁን ቀለማቱ "መግባባት" አለባቸው፤ ክሬም፣ ቤዥ፣ ደብዘዝ ያለ ወይራ፣ ዝገትማ ቡኒ። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ክልክል ነው። አበባ ያለበት ልብስማ ጭራሽ አይታሰብም። ይሄ ሕግ የወጣው እንግዲህ ሺቲዋ ላይ ሰሃን የሚያህል አበባ ለሚፈነዳባት፣ ወንዱ እንኳ ሽርጥ ሲገዛ ደማቁን ካላገኘ ሱቅ ለሚቀይርባት ድሬ ነው። እኛ ቤዥ የሚባለውን ቀለም የምናውቀው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን ቆራጥ ነው። ሰልባጅ ተራ ይወርዳል፣ ቦንዳ ይገለብጣል፣ ላቡን እያንጠባጠበ ወፍራም ባለ ዳማ ሸሚዝ፣ የሱፍ ሹራብና ቡትስ መርጦ ይወጣል።

እዚህ ላይ በጣም የማደንቀው ነገር አለ። ሰልባጁ የሚመጣው ከዚያው ከፈረንጅ አገር ነው። ማን ያውቃል፣ ሸሚዙ እዚያም ተራራ ላይ ተወስዶ ተነስቶበት ይሆናል። ፎቶ ሰልችቶት፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ባሕር አቋርጦ ድሬ ሲደርስ እፎይ አረፍኩ ሲል፣ እንደገና ጋራ ያወጡታል!

ሙቀቱን አታንሱብኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይነካል። ደንገጎ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች ነፋስ አላት፣ እውነት ነው። ግን ልብሱ የሚለበሰው ቤት ነው፤ ጋራ ላይ ማን ፊት ይቀየራል? ስለዚህ ከከዚራ እስከ ኩርባው ድረስ ያለው መንገድ በሱፍ ሹራብ ተቀቅሎ ይኬዳል። ፎቶው ላይ ፊታቸው ላይ የሚያበራውን ነገር ሜካፕ ነው ያላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም።

ፈረንጆቹማ ምክንያት አላቸው። ኮሎራዶ ተራራ ላይ በእነሱ ሴፕቴምበር መጨረሻ የዛፉ ቅጠል ወርቅማ ይሆናል፣ አየሩም መቀዝቀዝ ይጀምራል። ወፍራም ሸሚዝ የሚለብሱት ስለሚበርዳቸው ነው። ብርድ ልብስ የሚደርቡትም ስለሚበርዳቸው ነው። ፎቶውን ደግሞ ዲሴምበር ላይ ለዘመድ አዝማድ በሚልኩት የገና ካርድ ላይ ያሳትሙታል፤ ቀጠሮውን በጊዜ የሚይዙትም ለዚህ ነው። እኛ ካርድ አንልክም። ቅጠሉም አይረግፍም፤ ደንገጎ ላይ ባሕር ዛፉም ጫቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በምክንያት መነሳትማ ማንም ያደርገዋል። ያለ አንዳች ምክንያት ሹራብ ለብሶ ጋራ መውጣት ግን ንጹሕ ጥበብ ነው።

ሰዓቱ ሌላ ሳይንስ ነው። ጎልደን አወር ይሉታል። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትወርድ ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀርና ቀላ ያለው ለስለስ ብሎ ይደርሳል። ቆዳ ያምራል። እሺ። ግን ወደ ሰሜን ራቅ ብለው ያሉት ሰዎች ፀሐያቸው ሰያፍ እየተንሸራተተች ስለምትወርድ ፋታ ትሰጣቸዋለች። እኛ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነን። የእኛዋ አትንሸራተትም፣ ትወድቃለች። ያውም ጋራ መሀል ሲሆን ከሰዓቷ ቀድማ ከሸንተረሩ ጀርባ ትገባለች። የአባትየው ባርኔጣ እስኪቃና፣ ሕፃኑ እስኪባበል፣ ጎልደኑ አልቆ አወሩ ብቻ ይቀራል። ፎቶግራፈሩ ግን ተስፋ አይቆርጥም። "ችግር የለም፣ ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን" ይላል። ይቺን ያዙልኝ።

ደግሞ ያ ሰዓት ድሬ ላይ ምን ሰዓት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። የበርጫ ሰዓት ነው። አባትን ከፍራሹ ነቅሎ፣ ከወዳጆቹ ለይቶ፣ ቡትስ አልብሶ መውሰድ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። ሆኖም ውጤቱን ስታዩ ትገረማላችሁ፤ ጎልደን አወርና ምርቃና ጫፍ የሚደርሱት እኩል ነው። ፎቶግራፈሩ "ካሜራውን አትዩ፣ ሩቅ እያያችሁ በሐሳብ ተዋጡ" ሲል ሌላው ይቸገራል። አባት ግን ከመኪና ከወረደ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ማንም ሳያዝዘው፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ካንዲድ።

ከሐረር ስመለስ አንዱን ቤተሰብ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ከአስፋልቱ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ካሜራው ይራመዳሉ። "ሳቁ!" ይላል ፎቶግራፈሩ። ይስቃሉ። "ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና፣ አሁን እርስ በርስ እየተያያችሁ ሳቁ!" ይተያያሉ፣ ይስቃሉ። ያን ያህል ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ያለ ነገር እንዲያ ተያይተው ሲስቁ ጎረቤት ቢያይ ሽማግሌ ይልክባቸዋል። "ፋዘር፣ አሁን ትንሹን ወደ ላይ ወርውረው ይቅለቡት!" ሲል፣ ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እያንባረቀ ኩርባውን ታጠፈ። የጫት አይሱዙ ለሰርግም ለቀብርም አይቆምም። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ቦይ ውስጥ ዘለለ። እናት ልጆቹን፣ አባት እናትን አቅፈው፣ ባርኔጣው ሜዳ ላይ ቀርቶ፣ ማንም ካሜራውን ሳያይ። ካሜራው ደግሞ ያቺን ቀጭ አድርጎ ነበር። ከዚያን ቀን ፎቶዎች ሁሉ ያልታዘዘችው እሷ ብቻ ናት። በኋላ ስጠይቅ "ትንሽ ደብዝዛ ስለነበር አጠፋኋት" አለኝ።

የጋራው ልጆች ነገርም አለ። ፍየል የሚጠብቁት ሕፃናት ካሜራ ሲያዩ ይሰበሰባሉ። ዞር በሉ ይባላሉ፤ ፍሬሙን ያበላሻሉ። ዕንጨት የተሸከመች ሴት ስታልፍ ግን ሐሳብ ይለወጣል። "እሷ ትቁም፣ ከኋላ ብትታይ ያምራል። ትንሽ ራቅ በዪ እቱ... አሁንም ትንሽ... አዎ፣ እዚያ!" ሸክሙ ጀርባዋ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሳቁን እስኪለማመድ ትጠብቃለች።

አያትየዋን ሳላነሳ ካለፍኩ ደግሞ ውለታ በላሁ። በጠዋት ተነስተው፣ ሳምቡሳውን ጠብሰው፣ ሕፃኑን አዝለው የመጡት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ሺቲያቸው ብርቱካንማ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ካሜራው ፊት ሲቆሙ ክሬሙም ቤዡም ታመመ። ፎቶግራፈሩ ጨዋ ልጅ ስለሆነ በአክብሮት ነው ያናገራቸው።

"ማዘር፣ እርስዎን በኋላ ለብቻዎ በደንብ አድርጌ አነሳዎታለሁ። ለጊዜው ቦርሳዎቹን ይያዙልን።"

"እሺ ልጄ። የቤተሰብ ፎቶ ነው አላላችሁኝም እንዴ?"

መልስ የሰጣቸው የለም፤ ፀሐይ እየወደቀች ነበር። በኋላ የተባለውም ጨለመ። ይሄን ቡና ላይ ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩን። በነገራችን ላይ፣ በፈረንጆቹ 1843 ለንደን ላይ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የገና ካርድ ላይ የተሳለው ቤተሰብ ሦስት ትውልድ አብሮ ማዕድ የቀረበ ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አሉበት። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ስለነበሩ ይሆናል። እኛ በልጠናቸዋል።

ሐረር ስትገቡ ነገሩ ይብሳል። ይሻሻላል ማለቴ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ጀጎልን ለማየት ፈረንጅ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከልብስ ሰፊዎቹ መሀል፣ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ሥር፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆሞ ሲነሳ ይውላል። የከተማው ሰው በበኩሉ ለዚያ ግድግዳ ጀርባውን ሰጥቶ ሐኪም የሚባለው ጋራ ላይ ይወጣል። እዚያም ሲደርስ ከተማዋ እንዳትታይ ካሜራውን ወደ ሌላ ያዞራል። ደፈር ያለው ደግሞ ቁንዱዶን ይመኛል፤ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ በዱር ፈረሶቹ የታወቀ ተራራ ነው። ግን እዚያ በእግር ይወጣል ሲባል፣ ቡትሱ ለመራመድ ስላልተገዛ፣ ሐሳቡ ግሩፑ ላይ ይቀራል።

ሐረር ላይ ደጅ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ለቤተሰቡ የላከ ሰው ማን ነው ብትሉኝ፣ ቶሎ የሚመጣልኝ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። 1883 በፈረንጆቹ። ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አነሳ፤ አንዱን የቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱን ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱን ሙዝ መሀል እጁን አጣምሮ። ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለነበር ፎቶዎቹ ነጣ ብለውበታል። የዚህን ሰው ሞኝነት አያችሁ? ሐረር ሆኖ ሐረርን አነሳ! ለእናቱ አገሯን የመሰለ ጥድ ፈልጎ መላክ ሲገባው ሙዝ ላከላት። ዛሬ ቢሆን የእኛ ፎቶግራፈር ሙዙን ያጠፋለት ነበር።

አዎ፣ ኤዲቲንጉ። የሰፈሬ ሰዎች ፎቶ ሲመጣ የጫት ማሳው ጠፍቷል። በቦታው ጥድ በቅሏል። የመብራት ምሰሶው ተነቅሏል፤ በሌላ ጊዜ አንድ ምሰሶ ለማስነቀል ስንት ደብዳቤ እንደሚጻፍ የደረሰበት ያውቀዋል። ፍየሎቹ ሄደዋል። ዕንጨት የተሸከመችውም ሴት በመጨረሻ አላስፈለገችም። ከኋላ ያለው ጋራ አናቱ ላይ በረዶ ተጨመረለት፣ የእናትየው ላብም ተጠርጎ ጉንጯ በብርድ የቀላ መሰለ። አባት ብቻ ምንም አልተነካም፤ ፎቶግራፈሩ "የእሳቸው ኤዲት አይፈልግም" አለ።

ተለጠፈ። ላይኩ ጎረፈ። ማታ ከካልጋሪ ስልክ ተደወለ፤ የአባትየው እህት ናት። ካልጋሪ የሮኪ ተራሮች አፍንጫ ሥር ስለሆነች አክስት ያንን በረዶ በደንብ ታውቀዋለች።

"መቼ መጣችሁ?" አለች ሰላምታም ሳትሰጥ።

"ደንገጎ እኮ ነው!"

"ደንገጎን ለኔ? ተወልጄ ያደግኩበትን? ደጄ ድረስ መጥታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ፣ አንድ ስልክ እንኳ ነፈጋችሁኝ? በሉ ደህና ሁኑ!" ዘጋች።

ቢደውሉ አታነሳም፣ ቢጽፉ አትመልስም። በመጨረሻ እናትየዋ መላ ዘየደች። አያትየዋን ቀፊራ ገበያ ወስደው፣ በዚያችው ብርቱካንማ ሺቲ ቲማቲም ሻጮቹ መሀል አቁመው፣ በስልክ አንስተው ላኩላት። ሰማዩ የድሬ፣ ባጃጁ የድሬ፣ ከኋላ ፀሐይ እንደ ጉድ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

አክስት ወዲያው መለሰች። "እማዬ ድሬ መሆኗንማ አየሁ። እናንተ እሷን ለማን ጥላችሁ ነው የመጣችሁት?"