ከበሮውን ይዛችሁ ቃሉን ጣላችሁ

የሐረር ሰዎች፣ ዚክሪን፣ የሱፊዎችን የውዳሴ ዜማ፣ ከሁለት ወገን ሆናችሁ እየገደላችሁት ነው። ግማሾቻችሁ ሽርክ፣ በአላህ ማጋራት፣ ነው ብላችሁ በር ዘጋችሁበት። ግማሾቻችሁ ቅርስ ነው ብላችሁ መድረክ ላይ አወጣችሁትና የእንግዳ መቀበያ አደረጋችሁት። እርስ በርሳችሁ ትወቃቀሳላችሁ እንጂ ጥፋታችሁ አንድ ነው፤ ቃሉን የሚሰማ ጆሮ አሳጣችሁት። ድሬዳዋ ያላችሁ ወገኖቼም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። በሠርጋችሁ ላይ መንዙማው የባለሀብት ስም መጥሪያ ሲሆን የምታጨበጭቡት እናንተው ናችሁ።

በቅርቡ በአንድ በዓል ላይ የሆነውን ልናገር። አንድ ሽማግሌ ከረቡውን፣ ከበሮውን፣ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጀመሩ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ከበሉን፣ ያንን ጥንድ የእንጨት ቁራጭ፣ እያጋጩ ተቀበሏቸው። ግጥሙ ስለ ቀብር ሌሊት ነበር፤ ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ በዚያ ጨለማ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ይናገራል። ሁለተኛው አርኬ ሳይሞላ የመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ከፊታቸው አነሳ፤ የክብር እንግዳው ደርሰው ነበር። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሽማግሌው ከረቡውን ወደ ጎን አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይጨርሱ» ያለ አልነበረም። ንግግሩ ስለ ባህላችን ታላቅነት ነበር።

ለመሆኑ የሱፊ ግጥም ከመቼ ወዲህ ነው የባለሥልጣን ማጀቢያ የሆነው? የበስራዋ ራቢዓ አል-አደዊያ በባርነት ያደገች ሴት እንደነበረች ይተረካል። በአንድ እጇ እሳት፣ በሌላው ውሃ ይዛ በጎዳና ስትሄድ፣ ሰዎች ጀሀነምን ፈርተው ወይም ጀነትን ተመኝተው ሳይሆን አላህን ስለ ራሱ ብለው እንዲያመልኩት ጀነትን ላቃጥል ጀሀነምንም ላጠፋ ነው አለች ይባላል። ይህን የምትናገር ሴት የማን ሹመት ታስፈራታለች?

ሱፊውን ሐላጅንም ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ922 ባግዳድ ውስጥ ተገርፎ፣ ተሰቅሎ፣ ተቆራርጦ ተገደለ። «አነል ሐቅ»፣ እኔ እውነቱ ነኝ፣ በማለቱ ነው የሞተው ትላላችሁ፤ ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ለሞት ያበቃው ቪዚር (የኸሊፋው ዋና ሚኒስትር)፣ ሐሚድ ኢብን አል-ዐባስ፣ ግብር በኮንትራት የሚሰበስብና በእህል የሚነግድ ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን ባግዳድ በእህል መወደድ ምክንያት በሕዝብ ቁጣ ታምሳ ነበር። ሐላጅ ደግሞ በገበያና በመንገድ ለተራው ሰው የሚሰብክ፣ ብዙ ተከታይ ያፈራ ሰው ነው። ፍርዱ በሃይማኖት ቋንቋ ተጻፈ፤ ከጀርባው ግን የእህል ጎተራ ነበረ። ይህን ሳታውቁ ስሙን በዜማ መጥራት ምን ይፈይዳል? የሱፊው ፈላስፋ ሱህረወርዲ እ.ኤ.አ. በ1191 ሐለብ ውስጥ ተገደለ። ገጣሚው ነሲሚም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያችው ከተማ ቆዳው ተገፈፈ። ለማጀቢያ ዘፈን ሰው ቆዳው አይገፈፍም።

ሩቅ አገር አትበሉኝ። የወሎው ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙን በግድ ሲያስጠምቁ እምቢ ብለው የተነሱ ሰው ናቸው። እኚሁ ሰው በአማርኛ መንዙማ ገጥመዋል፤ በዓረብኛ ፊደል፣ በዓጀም። ሰይፍ የያዘው እጅ ብዕርም ይዞ ነበር። መንዙማ ሰው ከቀየው ሲሰደድ አብሮት የተሰደደ፣ ደረሳው፣ የሃይማኖት ተማሪው፣ በየጫካው የያዘው ቃል ነው። ዛሬ ያንን ቃል ለአዳራሽ ምረቃ ታከራዩታላችሁ።

ወደ ጀጎል፣ በግንብ ወደታጠረችው ከተማችን፣ ልመለስ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነቡት ግንብ ውስጥና ዙሪያ 82 መስጊድና 102 አዋች፣ የወሊዮች (የአላህ ወዳጆች) መዘከሪያ፣ እንዳለን ለዓለም ተናግረን በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓላችን ሹዋሊድ ተጨመረ። ቁጥሩን ልጆቻችን በቃላቸው ይወጡታል። ግን ከመቶ ሁለቱ አዋች ውስጥ የአይ አቢዳን የሴት አዋችነት ስንቱ ልጅ ያውቃል? ሴት ወሊይ ያላት ከተማ መሆናችንን ለሴት ልጆቻችን ነግረናቸዋል? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አው ሐሺም ነቢዩን ያወደሱበት ቃል ዛሬም በከተማችን ይነበባል። ከሚያነቡት ወጣቶች ስንቶቹ ትርጉሙን ይናገራሉ? በየቤቱ ነደባ፣ ከፍ ባለው የመቀመጫ መደብ፣ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አያት የጻፉት ኪታብ አለ። አንዳንዱን ምስጥ እየበላው ነው፤ አንዳንዱ ለጎብኚ ተሽጦ ወጥቷል። በሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም የተሰበሰቡትን መጻሕፍት ሄዳችሁ እዩ። ያን ያህል ወረቀት የጻፉ፣ ያን ያህል የቆዳ ልባስ ያዘጋጁ ሰዎች የሚናገሩት ነገር ስለነበራቸው ነው እንጂ ለመስታወት ሣጥን አልነበረም።

በር የዘጋችሁት ወንድሞቼ፣ አሁን ከእናንተ ጋር ነኝ። አላህን በማንም አታጋሩ ማለታችሁ ትክክል ነው፤ ከዚህ ቃል የሚበልጥ ቃል የለም። ከሟች ሰው ልጅ መለመንን መፍራታችሁም አያስወቅሳችሁም። የማወግዘው እናቱ ከአዋች ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ሙሽሪክ» የሚላትን ልጅ ነው። ያቺ እናት እጣኗን አጭሳ፣ ቀሕዋዋን አፍልታ፣ ለእርሱ ነው ዱዓ ያደረገችው። ሰላት ያስተማረችውም እርሷ ናት። ኢማም አል-ገዛሊ ስለ ዜማና ስለ ማዳመጥ ሲጽፉ የሚፈቀደውን ከማይፈቀደው በትዕግሥት ለዩ፤ ገጽ በገጽ፣ ማስረጃ በማስረጃ። እናንተም ማስረጃችሁን ይዛችሁ ከኡለማው ፊት ተቀመጡ፤ በእናት ላይ ግን አትፍረዱ። በአጭር ቪዲዮ ከሰው ኢማን ላይ ብይን መስጠት ዕውቀት አይባልም። ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ማሊ፣ ቲምቡክቱ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወሊዮችን መቃብር በዶማ ያፈረሱት ሰዎች መጀመሪያ የጀመሩት በዶማ አልነበረም፤ በምላስ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሙሪዶች፣ የአዋች ጠባቂዎች፣ እና የዚክሪ መሪዎች ሆይ፣ ዕድሜያችሁን አከብራለሁ፤ እጃችሁን እስማለሁ። ግን እናንተም ተጠያቂ ናችሁ። ወጣቱ ሐሙስ ማታ መጥቶ ጫቱን ይዞ ከጥግ ሲቀመጥ ትርጉሙን ማን ነገረው? ዓረብኛውን፣ ሐረሪኛውን፣ ኦሮምኛውን እያፈራረቃችሁ ስታወርዱ ልጁ የሚይዘው ምቱን ብቻ ነው። ምት በስልክም ይገኛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሰጪ ስም በዚክሪ መካከል መግባቱ ነው። ነቢዩ በሚወደሱበት ዜማ ውስጥ የሆቴል ባለቤት ሲወደስ መስማት ያሳፍራል። ችግር እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ አዋች የሚጠብቅ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ቤተሰብ ግን አለው። ስለዚህ ይህ ነውር ከእናንተ ይልቅ በእኛ ላይ ነው። የሠፈር ሰው ተሰባስቦ ሙሪዱን መደጎም ሲገባው ለባለሀብት ጥሏቸዋል። አፎቻው ምን ሆነ? ለሠርግና ለሐዘን የሚሰበሰበው አፎቻ ለቃሉ ጠባቂ የሚሆን መዋጮ ያጣል?

አሁን የምትፈሩትን ነገር ላንሳ። የሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ከተማችን ከዚያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። እናቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ሌሊቱን ቆሙ፤ የአህያ ውሃ በውድ ተገዛ። ሐይቁን ማን አደረቀው? ፓምፑ ነው፣ የጫት እርሻው ነው፣ ደለሉ ነው፣ ቸልተኛው ሹም ነው፣ ወይስ ሁላችንም? በዚህ ላይ የተገጠመ አንድ ዚክሪ አልሰማሁም። ወሊዮቹ ቢኖሩ ስለ ምን የሚገጥሙ ይመስላችኋል? የነጋዴውን ሚዛን፣ የሹሙን ጉቦ፣ በዘር ጎራ ለይቶ ጎረቤቱን የሚጠላውን የዛሬውን ሰው ትተው ስለ ጀጎል በሮች ውበት ይዘምሩ ነበር? ግጥም አዋቂ ልጆች በየሠፈሩ አሉ፤ በአማርኛም፣ በሐረሪኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይጽፋሉ። ፍቅራቸውን ይጽፋሉ፣ ቁጭታቸውን ይጽፋሉ። ከረቡው አጠገብ የሚያስቀምጣቸው ሰው ግን የለም። ሽማግሌው አዲስ ቃል ቢድዓ፣ በሃይማኖት የሌለ ፈጠራ፣ እንዳይባልባቸው ይፈራሉ፤ ልጁ ደግሞ ኋላ ቀር እንዳይባል ይፈራል።

ስለዚህ ከመጪው ሹዋሊድ በፊት የምንነጋገርበት ነገር አለ። የበዓሉ አዘጋጆች፣ የፊት ረድፍ የሶፋ ወንበር አትደርድሩ። ዚክሪው በሽማግሌዎቹና በሴቶቹ ይጀመር፤ እነርሱ እስኪጨርሱ ማንም ድምፅ ማጉያ አይንካ። የተባለው ቃል በማግስቱ በየቋንቋው ተተርጉሞ ለወጣቶች ይነበብ። ባለሥልጣን መምጣት ከፈለገ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጥ፤ ግጥሙ ስለ ውሃው ከጠየቀውም ተነስቶ ይመልስ።