ሕገ መንግሥት የጠበቃ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ሕገ መንግሥት የፓርላማና የጠበቃ ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ብለህ የጻፍከውን አነበብኩ። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥም ይህን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ግን ትክክል አይደለም።

አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2ን ገልጠህ እይ። ሕገ መንግሥቱን የማስከበር ኃላፊነት ያለባቸውን ሲዘረዝር የሚጀምረው ከ«ማንኛውም ዜጋ» ነው። የመንግሥት አካላት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንተም እኔም አለንበት ማለት ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «በ48 ሰዓት ውስጥ ካልከሰሱህ ትፈታለህ» ብለሃል። ይህም የተለመደ ስህተት ነው። አንቀጽ 19 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ከቀረበ በኋላ ዳኛው ሊለቀው ይችላል፤ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜም ሊፈቅድ ይችላል። ካልቀረበስ? ያኔ አካል ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ይህም የተያዘው ሰው እንዲፈታ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እስረኛው ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማመልከት ይችላል። እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤትም ቢሆን።

እስቲ አስበው፤ ልጇ የተያዘባት እናት ይህን ካላወቀች ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዛ ከመመላለስ ሌላ ምን ታደርጋለች? ጠበቃ መያዣ ገንዘብ ደግሞ ስንቱ አለው? የሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ብዙ ከመሰለህ ከ13 እስከ 44 ያለውን ብቻ አንብብ። የመብቶቹ ምዕራፍ እሱ ነው፤ አንድ ምሽት ይበቃሃል።