የአክስቴ 25 ዶላር

ትናንት ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ዓይኔን ከደን እንዳደረግሁ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ ሐበሻ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአገር ቤት መርዶ መስሎኝ ብድግ አልሁ። «እኩለ ሌሊት ሳይሞላ 15 ዶላር ካልላክህ አለቀልን!» ይላል የጽሑፍ መልእክቱ። ላኪው ረግጬው በማላውቀው ግዛት ለሴኔት የሚወዳደር ሰው ነው፤ የጠራኝም በሌላ ሰው ስም ነው። እንዲያቆሙ ብመልስላቸው በማግሥቱ ከሌላ ቁጥር ይመጣሉ። የነጋዴ ጥሪ እንዳይደርሰኝ ቁጥሬን ካስመዘገብሁ ስንት ዓመቴ፤ ለካ ያ ደንብ ፖለቲከኞችን አይነካም።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ የአክስቴ ነገር ነው።

አክስቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አብረን እንኖራለን። ግሪን ካርድ አላቸው፣ ዜግነት ግን ገና አላገኙም። በ2024 ምርጫ ሰሞን እንዲህ ያለው ልመና ደረሳቸውና «ሰውየው ቢቸግረው ነው» ብለው 25 ዶላር ሰጡ። እኔ ደንግጬ ሕግ ተላልፈው እንደሆነ አጣራሁ። ምንም አልተላለፉም! ባለ ግሪን ካርድ ለፌዴራል ተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት ይችላል። ያው ሰው ሄዶ ድምፅ ቢሰጥ ግን ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። እንግዲህ ሴትየዋ ገና ሰው ሆነው ሳይቆጠሩ ብራቸው ቀድሞ ዜግነት አግኝቷል ማለት ነው።

ለመሆኑ ብር እንዲህ አንደበት ያወጣው መቼ ነው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምርጫ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ንግግር ነጻነት ሊታይ እንደሚገባ የወሰነው በ1976 ነው። በ2010 ደግሞ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም ለምርጫ ቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። ግለሰብ በ2024 ለአንድ የፌዴራል ተወዳዳሪ በቀጥታ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ 3,300 ዶላር ነበር። ከተወዳዳሪው «ነጻ ነኝ» ለሚል የቅስቀሳ ቡድን ከሆነ ግን ጣሪያ የለም። እኛ ግዛት ደግሞ ይህም አልቀረ፤ በቨርጂኒያ የግዛት ምርጫ በቀጥታ ለተወዳዳሪው የፈለጉትን ማፍሰስ ይቻላል።

ኢሎን መስክ በዚያ ዓመት ትራምፕን ለማስመረጥ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ እንደ አክስቴ ያሉ 10 ሚሊዮን ሰዎች 25 ዶላር ቢያዋጡ ነው። የቨርጂኒያ ሕዝብ ከነሕፃናቱ 10 ሚሊዮን አይሞላም! በዚያ ላይ ወሳኝ በሆኑት ግዛቶች እሱ ባቀረበው የድጋፍ ጽሑፍ ላይ ፊርማውን ላኖረ አንድ የተመዘገበ መራጭ በየቀኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲያድል፣ ጉዳዩን ያየው የፊላዴልፊያ ዳኛ አላስቆመውም። አገር ቤት ቢሆን የድርጊቱን ስም እናውቀው ነበር። የሌላው ወገን ደጋፊዎች አትሳቁ፤ የካማላ ሃሪስ ዘመቻም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰብስቦ ነው የተሸነፈው። ያ ሁሉ ብር ሄዶ ሄዶ የት ገባ ቢባል፣ ከፊሉ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ መልእክት ሆኗል።

በእድራችን ባለ ነዳጅ ማደያውም ጽዳት ሠራተኛዋም እኩል መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሊቀ መንበር ሲመረጥ የሚቆጠረው እጅ ነው። አንዱ ተነሥቶ «የሺህ ሰው መዋጮ ስለምከፍል እኔ ልምረጥላችሁ» ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ዘመዶቹን ጠርተው ጠበል ውሰዱት ይሏቸው ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ለፋሲካ ዶሮ ልንገዛ ስንዘጋጅ የባንክ ወረቀታቸውን አየሁት። ከኦገስት ጀምሮ በየወሩ 25 ዶላር ሲቀነስ ኖሯል፤ ዘጠኝ ጊዜ፣ 225 ዶላር። ለካ ከቅጹ ግርጌ «በየወሩ ይቀነስ» የምትል ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ ምልክቱም አስቀድሞ ተደርጎባታል። የፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን እንዲህ ያለው አሠራር በሕግ እንዲከለከል ለኮንግረስ ሐሳብ ያቀረበው በ2021 ነው። ኮንግረስ የሚገቡት እነማን እንደሆኑ፣ በምን ብር እንደሚገቡም ስለምናውቅ አልፈርድም።

የዘመቻው ስልክ አይነሣም። በመጨረሻ ባንክ ደውለን ካርዱን አዘጋነው። አክስቴ ሽንኩርቱን እየላጡ ቆይተው፣

«ለመሆኑ ሰውየው አሸነፈ?» አሉኝ።

«ኧረ ከተሸነፈ አምስት ወር አልፎታል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆንሁ ብሎ ነው የሚወስድብኝ?»