ማስተካከያ፦ የሲሲሊ ታይሰን 2013 የትኛው ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ላደረግነው የቴአትር ጥያቄና መልስ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰን «ባረፈችበት ዓመት፣ በ2013፣ የቶኒ (የአሜሪካ የቴአትር) ሽልማት ወሰደች» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ደባልቄያለሁ። ቶኒውን የወሰደችው በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ2005 ሲሆን ያኔ 88 ዓመቷ ነበር፣ በዚያ ዕድሜ መድረክ ላይ መተወኑ ራሱ ጉድ ነው! ያረፈችው ግን በእኛ ጥር 20 ቀን 2013፣ በ96 ዓመቷ ነው። ኦስካሩም እንደጻፍኩት በ«ሳውንደር» ፊልም የመጣ አይደለም። በእሱ ታጨች እንጂ አላሸነፈችም፤ በእኛ በ2011 (በ2018 እ.ኤ.አ.) የተሰጣት የክብር ኦስካር ነው። ይህን ከሽልማቶቹ የአሸናፊዎች ዝርዝርና ከዕረፍቷ ዜናዎች አመሳክሬያለሁ። «2005» ብላችሁ የተቀነሰባችሁ ሁለት ልጆች፣ ነጥባችሁ ተመልሷል።