ረቂቁ ሳይታረም ዓባይን አይሻገር

ክረምት ሲወጣ ጎንደር ላይ ረቂቅ ይበዛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፋታ የሚያገኙ መምህራን፣ ከተረኝነት በተረፈ ሌሊት የሚጽፉ የጤና ባለሙያዎች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪና የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪዎች ሐምሌና ነሐሴን ሲጽፉ ከርመው መስከረም ላይ «ጨረስኩ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው አንድ ነው። ከዕቁብ፣ ከዘመድና ከደመወዝ ተርፎ ገንዘብ ይሰባሰባል፤ ፍላሽ ኪስ ይገባል፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት በር ላይ ይደረሳል። መንገዱ አስቸጋሪ ሲሆን ደግሞ ፋይሉ በቴሌግራም ይቀድማል። የእኔ ሐሳብ ይህ ጉዞ ቢያንስ በስድስት ወር ይዘግይ ነው።

ወዲያው የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ «ወረቀት ዛሬ ካልተገዛ ነገ አይቀመስም»። እውነት ነው። ወረቀቱ ከውጭ ይገባል፤ ዋጋውም ምንዛሪውን ተከትሎ ይወጣል። ግን ያልታረመ መጽሐፍ ሰባት መቶ ኮፒው አልጋ ሥር ተከምሮ ሲቀር የሚያስከትለው ኪሳራ ከየትኛውም የወረቀት ጭማሪ ይበልጣል። ለዚያውም ሁለተኛውን መጽሐፍ የሚያሳትም ገንዘብና ወኔ ይዞ ይሄዳል።

ጎንደር ለዚህ ምክር ሩቅ አገር ሄዳ መበደር የለባትም። የቅኔ ተማሪ ገለል ብሎ ለብቻው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲያበቃ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ቤቱ የጎደለበትን፣ ቃሉ ያለቦታው የገባበትን፣ ምሥጢሩ የሳሳበትን እዚያው ያርመዋል። ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጅሙ ወደ መወድስ የሚደርሰው እየነገረ፣ እየታረመ ነው። ለመምህሩ ሳይነግር ማኅሌት መካከል ቆሞ የሚቀኝ ጀማሪ የለም። የእኛ የልብ ወለድ ጀማሪ ግን ቆጠራውን ጨርሶ ነገራውን ይዘለዋል።

«ጨረስኩ» የተባለ ረቂቅ በመጀመሪያ ይረፍ። ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በስክሪን ሳይሆን በወረቀት ይነበብ፤ ኤ4፣ በአንድ ፊት ብቻ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ተትቶ፣ በግራና በቀኝ ለእስክሪብቶ የሚሆን ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ተይዞ። ንባቡም ድምፅ እያወጡ ይሁን። ዓይን የሚዘለውን ምላስ ይደናቀፍበታል። ጎን ለጎን አንድ ደብተር ያስፈልጋል፦ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን እንዳለና ምን እንደተለወጠ። የመጨረሻው ሣጥን ባዶ የሆነበት ምዕራፍ ወይ ይወጣል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል። ከ60 ሺህ ቃላት ረቂቅ ላይ ስድስት ሰባት ሺህ ቢነሣ ታሪኩ አይጎዳም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው መልክዓ ምድር ነው። (ፀሐይ ከፋሲል ግንብ ጀርባ ስትጠልቅ የሚጀምር ልብ ወለድ፣ በበኩሌ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ቢቀርብን አልጠላም።)

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። የጎንደር አንባቢ የቀን ስሕተትን አይምርም። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱት ጥር 10፣ በከተራ ነው፤ ጥር 11 ማለዳ «ታቦቱ ከደብሩ ሲወጣ» ብሎ የጻፈ ደራሲ የመጽሐፉን ቀሪ ገጾች በሙሉ እያስጠረጠረ ይሄዳል። የቄስ ሚስት ዓርብ ቀን ዶሮ ወጥ ስታቀርብም እንደዚያው ነው፤ በበዓለ ኀምሳ ካልሆነ፣ ወይም ገና ወይም ጥምቀት ዓርብ ላይ ካልዋለ በቀር።

አንቱታም እንዲሁ። የኔታን በምዕራፍ ሁለት «አንቱ» ያላቸው ልጅ በምዕራፍ ዘጠኝ «አንተ» ካላቸው፣ በመካከሉ አንድ ከባድ ነገር ደርሷል ማለት ነው፤ ምንም ካልደረሰ ስሕተት ነው። አማርኛ ይህን በተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን በግሡ ጭራ ላይ ስለሚሸከመው («መጡ»፣ «መጣህ»)፣ አንዱን አርሞ ሌላውን መርሳት ቀላል ነው። መፍትሔው የአንድን ገጸ ባሕርይ ንግግር ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለይቶ በአንድ ቁጭታ ማንበብ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ሰው ያንብበው። ሦስት ሰው ይበቃል፦ ልብ ወለድ አዘውትሮ የሚያነብ አንድ፣ ደራሲውን በቅርብ የማያውቅ አንድ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ሠፈርና ዘመን የኖረ አንድ። «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ግን ከንቱ ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር መልሱ አስቀድሞ ታውቋል። ይልቅ «የቱ ገጽ ላይ አስቀመጥከው?»፣ «የማን ስም ከማን ጋር ተምታታብህ?»፣ «የቱን ገጽ ዘለልክ?» ይባል። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጠው፣ የሚሰጡት ምክንያት ቢለያይም ችግሩ እዚያ ነው።

«ይሰርቁኛል» ብሎ ረቂቁን የሚደብቅ ብዙ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የሚጠብቀው ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መብቱ እንዲኖር ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ምዝገባ ማስረጃ ያጠናክራል። ለራስ ኢሜይል በየወሩ የሚላክ የረቂቅ ቅጂም ቀኑን ይመሰክራል፤ መብራት ሲጠፋ የተበላሸ ኮምፒውተርንም ይተካል። ልብ ወለድን የሚያጠፋው ሌባ ሳይሆን አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መቀመጡ ነው።

ገንዘብ ሲመደብ ለአርታኢ የሚከፈለው ከሽፋኑ ይቅደም። እኛ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽፋን ይሠራል፣ ለጀርባው ከሁለት ሦስት ዝነኛ ሰዎች አስተያየት ይለመናል፣ አርትዖቱ «ጓደኛዬ አየልኝ» ተብሎ ይታለፋል። የጀርባ አስተያየት አንድን ሰው መጽሐፉን እንዲያነሣው ያደርገው ይሆናል። አምስተኛው ገጽ ላይ ሦስት የፊደል ግድፈት ሲያገኝ የሚያስቀምጠውም እርሱ ነው።

ስለ ፊደል ከተነሣ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እንቅረብ። «ፀሐይ» የሚባል ገጸ ባሕርይ ያለው ረቂቅ እናስብ። ስሙ በሁለት ጸ፣ ድምፃቸው በተመሳሰለ ስድስት የሀ ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ደራሲው በስልኩ ሲጽፍ «ፀሀይ»፣ በኮምፒውተር ሲጽፍ «ጸሐይ» ብሎ ከሆነ፣ በመጨረሻ ስሟን ልቀይር ቢል ማሽኑ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ቀይሮ ሌላዋን ትቷት ይሄዳል። መጽሐፉ ውስጥም ከየት መጣች የማትባል ሴት ትቀራለች። ስለዚህ የስሞችና አወዛጋቢ ቃላት ዝርዝር በአንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ዓይን ወይስ ዐይን፣ ሥራ ወይስ ስራ። የትኛው ይመረጥ የሚለው ክርክር አያልቅም። ግዴታው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት «፡፡» ብሎ የሚጽፍም አለ። ለዓይን ከ«።» አይለይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎንቱ ሲቀየር በመካከሉ ክፍተት ይታያል፤ ሲፈለግም አይገኝም። በፈልግና ተካ ትእዛዝ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል፤ ገጽ ከተቀመጠ በኋላ ግን መስመሮች ይንሸራተታሉ። ከሁሉ የከፋው ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ወዲህ ነው፤ ዛሬ አሮጌውን የሚያስመርጥ ምክንያት የለም።

አሁን ረቂቁን ወደ ማስረከቡ። አሳታሚና አታሚ ይለያያሉ። አሳታሚ በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ያወጣል፤ አታሚ በደራሲው ገንዘብ ያትማል። የጀማሪን ልብ ወለድ በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ጥቂት ስለሆኑ አብዛኛው ደራሲ በቀጥታ ወደ አታሚ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ አሳታሚ መሞከር አለበት ባይ ነኝ፤ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። የሚላከው ሙሉው ረቂቅ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች በፒዲኤፍ፣ የታሪኩ ጭማቂ በአንድ ገጽ፣ ስለ ደራሲው አምስት መስመር ነው። በጭማቂው መጨረሻውን መደበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። አሳታሚው አንባቢ አይደለም፤ ማን እንደሞተ ማወቅ አለበት። የትኛው ቅጂ ለማን፣ መቼ እንደተላከ ይመዝገብ፤ ሦስት ወር ይጠበቅ፤ አንዴ ተደውሎ ይጠየቅ። ዝምታ እኛ አገር መልስ ነው፤ በሥነ ሥርዓት አልሆነም የሚል ደብዳቤ የጠበቀ ብዙ ይጠብቃል።

ውል ከመጣ፣ በቃል አይሁን። የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍ ሕጉም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ስንት ኮፒ፣ በስንት ወር ውስጥ፣ ለደራሲው ከምኑ ላይ ስንት በመቶ (ከሽፋን ዋጋ ወይስ ከተሸጠው)፣ የሚለው ቁጥር ሆኖ ይጻፍ። የትረካ፣ የትርጉምና የፊልም መብት በ«ማንኛውም መብት» ውስጥ ተጠቅልሎ አይሂድ።

አሳታሚ ካልተገኘ ደራሲው ራሱ አሳታሚ ሆኗል፤ እንግዲህ ሒሳቡን ይማር። በኤ5 መጠን አንድ ገጽ ከ220 እስከ 260 የአማርኛ ቃላት ይይዛል። ብዙ ማተሚያ ቤት በ16 ገጽ ፎርም (አብሮ በሚታተም የገጾች ክፍል) ይሠራል፤ 240 ገጽ 15 ፎርም ነው። መጽሐፉ 243 ገጽ ከሆነ ለሦስት ገጽ ሲባል ተጨማሪ ፎርም ሊከፈል ነው፤ ሦስት ገጽ መቁረጥ ይሻላል። የሽፋኑ ፋይል የሚዘጋው የገጹ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ነው። በ70 ግራም ወረቀት 240 ገጽ የጀርባው ውፍረት ወደ 1.1 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ሽፋኑ ቀድሞ ለ200 ገጽ ከተሠራ የጀርባው ርእስ ከመካከሉ ይንሸራተታል፤ የፊት ሽፋኑ ጠርዝም ወደ ጀርባው ይጠቀለላል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩም (አይኤስቢኤን) ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ይወሰድ።

ዋጋውን ለምሳሌ እንበል። አንዱን ኮፒ ማሳተም 200 ብር ቢወስድ፣ 1,000 ኮፒ 200,000 ብር ነው። የሽፋን ዋጋው 500 ብር ሆኖ አከፋፋይና መደብር 35 በመቶ ቢወስዱ ለደራሲው 325 ይቀራል። 616ኛው ኮፒ እስኪሸጥ ድረስ የገባው ገንዘብ የማተሚያውን ዕዳ ብቻ ይከፍላል። ለዘመድ፣ ለአለቃና «ፊርማህን ብቻ» ለሚል ወዳጅ የሚታደለው 60 ኮፒ ከትርፉ ላይ ነው የሚነሣው። በዚህ ስሌት መጀመሪያ 500 ማሳተም ፈሪነት አይደለም፤ የአንዱ ዋጋ ከፍ ቢልም ዕዳው ያንሳል።

ከማተሙ በፊት የናሙና ቅጂ ለፊርማ ይቀርባል። እዚህ ላይ የሚታየው የፊደል ግድፈት ሳይሆን የገጽ ቅደም ተከተል፣ የምዕራፍ መነሻ፣ ባዶ ገጽና የታች ቁጥር ነው። ፊርማው ካረፈ በኋላ የሚገኝ ስሕተት የደራሲው ነው። ስለዚህ በስልክ «እሺ፣ ይቀጥል» ብሎ ከጎንደር ማጽደቅ አይገባም፤ መሄድ ካልተቻለ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዓይኑ የጠራ ሰው ገጽ በገጽ ይገልብጠው።

240 ገጽ ያለው አንድ ኮፒ ወደ 280 ግራም ይመዝናል። 1,000 ኮፒ 2 ከ80 ኩንታል ነው፤ በአውቶቡስ ጣሪያ የሚጫን ጓዝ ሳይሆን የጭነት መኪና ሒሳብ ነው። ሁሉን ወደ ጎንደር ማምጣት አያስፈልግም፤ አከፋፋዩ አዲስ አበባ ሲቀበል 200 ያህሉ ለጎንደር ፒያሳ መደብሮችና ለግቢዎቹ አካባቢ ይምጣ። ለየመደብሩ ሲሰጥ የኮፒው ብዛት፣ ዋጋውና የሒሳብ ቀኑ ተጽፎ በሁለቱም ይፈረም፤ «እንተዋወቃለን» የተባለበት ሒሳብ ሲሰበሰብ ነው መተዋወቁ የሚያልቀው። ቤት የሚቀረው ካርቶን ደግሞ ከሲሚንቶ ወለል በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ። የጎንደር ክረምት እርጥበቱን ከታች ነው የሚያስገባው፤ መጀመሪያ የሚለቀውም የጀርባው ሙጫ ነው።